አንድ የሚመስለው ብዙ ሲሆን
ስለ ወረቀት ክሮማቶግራፊ ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር



ቀለም የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይዞ ይኖራል። በአንድ በኩል ብራናና ወረቀት የሚጻፍበትን፣ ልብስና ግድግዳ የሚያጌጥበትን ነገር ያመለክታል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ትምህርት ራሱ ይጠራበታል። ቀለም የሚገባው ልጅ ማለት ትምህርት የሚገባው ልጅ ማለት ነው። የዛሬው ንግግር የሚያወሳው ዘዴም ስሙን ያገኘው ከቀለም ነው። ክሮማቶግራፊ የሚለው ስም ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ሲሆን፣ ትርጓሜው የቀለም ጽሕፈት ማለት ነው። በአንዲት ቁራጭ ወረቀትና በጥቂት ፈሳሽ አማካይነት፣ ለዓይን አንድ መስሎ የሚታየው ነገር ከስንት ነገሮች እንደ ተደባለቀ፣ እነዚያም ምን ምን እንደ ሆኑ ለመመርመር ያስችላል።

ዘዴው በመምህራን ፊት ሊወሳ የተገባበት ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት እንኳ ሊፈጸም መቻሉ ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን፣ ተማሪው ወረቀቱ የሚናገረውንና የማይናገረውን ለይቶ እንዲያውቅ ማስገደዱ ነው። «ይህ ነገር እገሌ ነው»፣ «ይህ ነገር ንጹሕ ነው» ብሎ መፍረድ በቃል ቀላል ነው፤ በማስረጃ ግን ከባድ ነው። ፍርዱን ከማስረጃው ጋር ማመዛዘን ያልለመደ ወጣት፣ የቱንም ያህል የኬሚስትሪ ቃላት ቢያጠና ሳይንስ ተማረ ሊባል አይችልም።

የሳይንስ ትምህርት በብዙ ትምህርት ቤቶች በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ብቻ እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ የሚወጣው ወጣት ወደ ተመደበበት ወረዳ ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው አንድ ክፍል ሙሉ ልጅና አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ ያለውን የመስታወት ዕቃ በሰሌዳው ላይ ይሥላል፤ ተማሮቹም ከሰሌዳው ወደ ደብተራቸው ይገለብጣሉ፤ በፈተናም ጊዜ ከደብተራቸው ያጠኑትን በመልስ ወረቀቱ ላይ ይመልሱታል። በዚህ ሁሉ ዙር ውስጥ አንዳች ነገር የመረመረ ሰው የለም። የወረቀት ክሮማቶግራፊ ይህን ዙር በትንሽ ወጪ ሊሰብሩ ከሚችሉት ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው።

የዘዴው ታሪክ ራሱ ለመምህር ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸው ይታወቅ። ከቡና ፍሬ ካፌይንን በ1819 ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ፣ በ1855 ባሳተመው መጽሐፍ ልዩ ልዩ ፈሳሾች በመጣጭ ወረቀት ላይ ሲንጠባጠቡ የሚሠሩትን ኅብረ ቀለም ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ዳሩ ግን ያ ከውበት አልፎ የምርመራ መሣሪያ አልሆነም። የምርመራውን መንገድ የከፈተው የሩስያው የዕፀዋት ሊቅ ሚካኤል ጽቬት ነው። የዚህ ሰው የቤተ ሰብ ስም በሩስያ ቋንቋ ቀለም ማለት መሆኑ የሚያስገርም ነው። ጽቬት በ1903 በዋርሶ ከተማ ለተፈጥሮ ተመራማሪዎች ማኅበር ሥራውን ገለጸ፤ በ1906 ባሳተማቸው ጽሑፎችም ክሮማቶግራፊ የሚለውን ስም አወጣለት። ጠባብ የመስታወት ቧንቧ በደቀቀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ሞልቶ፣ የቅጠል ጭማቂ ከላይ ባፈሰሰበት ጊዜ አረንጓዴ የሚመስለው ጭማቂ አረንጓዴና ቢጫ ቀለበቶች ሆኖ ተለያየ። ለዚህም ሥራ የሚስማማውን ዱቄት ለማግኘት ከመቶ በላይ የዱቄት ዓይነቶችን ፈትኗል። የዘመኑ ታላላቅ ኬሚስቶች ግን ሥራውን በቀላሉ አልተቀበሉትም። ጽቬት በ1919 ዓረፈ፤ ዘዴው እንደገና ሕይወት ያገኘው በ1931 በጀርመን አገር በሃይድልበርግ ከተማ፣ ሪካርድ ኩንና ኤድጋር ሌደረር ቢጫና ብርቱካንማ የዕፀዋት ቀለሞችን በለዩበት ጊዜ ነው።

ዱቄቱ በወረቀት የተተካው ከዚያ በኋላ ነው። በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ በነበረው የሱፍ ኢንዱስትሪ የምርምር ማኅበር ውስጥ አርቸር ማርቲንና ሪቻርድ ሲንጅ የሚባሉ ሁለት ሰዎች የበግ ጠጕር ከምን ከምን አሚኖ አሲዶች እንደ ተሠራ ለማወቅ ይደክሙ ነበር። አሚኖ አሲዶች የፕሮቲን ጡቦች ናቸው፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ መለያየታቸው አድካሚ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በ1941 አንድ ነገር በሁለት ፈሳሾች መካከል የሚከፋፈልበትን ልዩነት መለያ አድርገው አዲስ ዘዴ አወጡ። በ1944 ደግሞ ኮንስደን፣ ጎርደንና ማርቲን ይህንኑ ሥራ በማጥሪያ ወረቀት ላይ ለመፈጸም እንደሚቻል አስረዱ። ማርቲንና ሲንጅ ለዚህ ፈጠራቸው በ1952 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ስለ በግ ጠጕር የተጀመረው ጥያቄ ለዓለም ሁሉ የምርመራ መሣሪያ አስገኘ።

አሁን አሠራሩ ይገለጽ። ወረቀት ደረቅ ይመስላል እንጂ በውስጡ ያለው ሴሉሎስ ከአየር የወሰደውን ጥቂት ውሃ አጥብቆ ይይዛል። የወረቀቱ ጫፍ በፈሳሽ ውስጥ ሲነከር ፈሳሹ በወረቀቱ ጭረቶች መካከል ወደ ላይ ይሳባል። አሟሚ የሚባለው ይህ ፈሳሽ ሲያልፍ በወረቀቱ ላይ የተነጠበውን ነገር እያሟሟ ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ፍጥነት አይወስድም። በማለዳ ከአንድ መንደር ተነሥተው ወደ ገበያ የሚጓዙ መንገደኞች ይታሰቡ። አንዱ ማንንም ሳያነጋግር ይገሠግሣል፤ ሌላው በየደጁ እየቆመ ሰላምታ ያበዛል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዘመድ ቤት ገብቶ ቡና እስኪፈላ ይቀመጣል። ሁሉም በአንድ መንገድ ሲጓዙ ሳለ እኩለ ቀን ላይ ሦስቱም በተለያየ ስፍራ ይገኛሉ። በወረቀቱም ላይ እንዲሁ ነው። ወረቀቱንና በውስጡ ያለውን ውሃ የሚወድ ነገር ወደ ኋላ ይቀራል፤ ተጓዡን አሟሚ የሚወድ ነገር ወደ ፊት ይቀድማል።

ለመጀመሪያ ትምህርት የሚስማማው የጽሕፈት ቀለም ነው። ማጥሪያ ወረቀት ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ የቡና ማጥለያ ወረቀት ወይም ሌላ ነጭ መጣጭ ወረቀት ይበቃል። ወርዱ ሁለት ጣት፣ ቁመቱ አንድ ስንዝር ያህል ሆኖ ይቆረጥ። ከታችኛው ጫፍ 2 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ በእርሳስ መስመር ይሰመር። መስመሩ በማርከር እንዳይሰመር የሚከለከልበትን ምክንያት መምህሩ አስቀድሞ ባይናገር ይሻላል፤ አንድ ተማሪ በውሃ በሚሟሟ ማርከር አስምሮ መስመሩ ራሱ ሲጓዝ ካየ፣ የእርሳስ ካርቦን በአሟሚው የማይሟሟ መሆኑን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። በመስመሩ ላይ በውሃ ከሚሟሟ ጥቁር ማርከር እጅግ ትንሽ ነጥብ ይነጠብ፤ ይድረቅ፤ እንደገና በዚያው ላይ ይነጠብ። ብርጭቆ ውስጥ 1 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ይደረግ፤ ወረቀቱም ነጥቡ ከውሃው በላይ ሆኖ ጫፉ ብቻ እንዲነከር ይንጠልጠል። ነጥቡ ከውሃው በታች ከዋለ ቀለሙ ወደ ብርጭቆው ይሟሟና ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ብርጭቆው በክዳን ቢሸፈን ውስጡ በተን ስለሚሞላ ጉዞው የተስተካከለ ይሆናል። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ጥቁሩ ነጥብ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ ወይም ሐምራዊ እየሆነ ይከፋፈላል። ጥቁር የነበረው አንድ አልነበረም።

እዚህ ላይ ብዙ መምህር ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ተማሮች ይደነቃሉ፤ ክፍሉ ይደምቃል፤ ደወሉም ይደወላል። ዳሩ ግን መደነቅ የትምህርት በር እንጂ ቤቱ አይደለም። ወረቀቱ ከፈሳሹ እንደ ወጣ፣ ሳይደርቅ፣ አሟሚው የደረሰበት ጫፍ ወዲያውኑ በእርሳስ ይመልከት። ከዚያም ከመነሻው መስመር እስከ እያንዳንዱ ነጥብ መካከል ያለው ርቀት ይለካ፤ አሟሚው ለተጓዘበትም ርቀት ይካፈል። አሟሚው 10 ሴንቲሜትር፣ ሰማያዊው ነጥብ 7.5 ሴንቲሜትር ተጉዘው ከሆነ ድርሻው 0.75 ይሆናል። ይህ ቍጥር በሳይንስ አር ኤፍ ይባላል፤ በአማርኛ የጉዞ ንጽጽር ቢባል ትርጓሜው አይጠፋም። ከዜሮ አያንስም፤ ከአንድም አይበልጥም። አንድ ነገር በአንድ ዓይነት ወረቀት፣ በአንድ ዓይነት አሟሚና በአንድ ዓይነት ሙቀት ሲጓዝ የጉዞ ንጽጽሩ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ቍጥሩ የዚያ ነገር መታወቂያ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ ከጓሮ አትክልት ይገኛል። የቆስጣ ቅጠል ተፈጭቶ በአሴቶን ቢታሽ ጥልቅ አረንጓዴ ጭማቂ ይወጣል። ይህ ጭማቂ በወረቀት ላይ ደጋግሞ ተነጥቦ፣ ዘጠኝ እጅ ፔትሮሊየም ኤተርና አንድ እጅ አሴቶን በተደባለቀበት አሟሚ ቢጓዝ፣ ካሮቲን የሚባለው ብርቱካንማ ቀለም ከሁሉ ቀድሞ ወደ ጫፉ ይደርሳል፤ ከእርሱ በታች ዛንቶፊል የሚባለው ቢጫ ይታያል፤ ከዚያም ሰማያዊ አዘል አረንጓዴ የሆነው ክሎሮፊል ኤ፣ ከታችም ቢጫ አዘል አረንጓዴ የሆነው ክሎሮፊል ቢ ይከተላሉ። ፔትሮሊየም ኤተር ካልተገኘ በመድኃኒት ቤት በሚሸጠው አልኮል መሥራት ይቻላል፤ መለያየቱ ያን ያህል ጥርት ያለ ባይሆንም ቢጫውና አረንጓዴው ይታያሉ። እነዚህ ፈሳሾች በቀላሉ እሳት የሚይዙ ስለ ሆኑ ሥራው መስኮት ተከፍቶ፣ ከእሳትና ከፋኖስ ርቆ መሆን አለበት። ወረቀት ጨርሶ ካልተገኘም አንድ ነጭ ጠመኔ ከታች በኩል ቀለም ተነጥቦበት በአልኮል ውስጥ ቢቆም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ጽቬት ይህን ሳይንስ የጀመረው በኖራ ድንጋይ ዱቄት ነበርና፣ በየክፍሉ ያለው ጠመኔ ከእርሱ ቧንቧ ጋር የሩቅ ዘመድ ነው።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ለዓይን ስለሚታዩ ቀለሞች ነው። የዘዴው ታላቅነት ግን ቀለም የሌላቸውንም ነገሮች መለየቱ ነው። አሚኖ አሲዶች ቀለም የላቸውም። ጉዟቸውን ከጨረሱ በኋላ ወረቀቱ ደርቆ ኒንሃይድሪን የሚባል ቅመም ተረጭቶበት በመጠኑ ቢሞቅ፣ ባዶ በመሰለው ወረቀት ላይ ሐምራዊ ነጥቦች ብቅ ይላሉ፤ ፕሮሊን የሚባለው ብቻ ቢጫ ይሆናል። በዚህ ሥራ ላይ አንድ የሚያስተምር ነገር አለ። ወረቀቱን በባዶ እጅ የነካ ሰው ቢኖር፣ የሰው ላብ አሚኖ አሲድ ስላለበት የጣቶቹ አሻራ ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል። ወረቀቱ የተመረመረውን ነገር ብቻ ሳይሆን የመርማሪውንም ጥንቃቄ ማነስ ይመዘግባል። ቅመሙ ለጤና የማይስማማ ስለ ሆነ በተማሮች እጅ ሳይሆን በመምህሩ እጅ፣ አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ ሊረጭ ይገባል።

በእንደዚህ ያለ ቀላል ነገር የተሠራው ሥራ ግን ቀላል አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሳንገር ለስኳር በሽተኞች የሚሰጠው ኢንሱሊን ከ51 አሚኖ አሲዶች እንደ ተሠራ፣ እነርሱም በምን ተራ እንደ ተሰለፉ ሲያረጋግጥ የወረቀት ክሮማቶግራፊ ዋና መሣሪያው ነበር፤ በ1958 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ኤርዊን ቻርጋፍ የዘር ንጥረ ነገር የሆነውን ዲኤንኤ ክፍሎች በወረቀት ላይ ለይቶ ከለካ በኋላ፣ አዴኒን ከታይሚን፣ ጓኒን ከሳይቶሲን ጋር መጠናቸው እኩል እንደ ሆነ በ1950 ገለጸ፤ ይህም በ1953 ለታወቀው የዲኤንኤ ቅርጽ አንዱ መሠረት ሆነ። በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሜልቪን ካልቪንና ባልደረቦቹ ዕፀዋት ከአየር የወሰዱትን ካርቦን ወደ ስኳር የሚለውጡበትን መንገድ የተከታተሉት በዚሁ በወረቀት ላይ ነው፤ ካልቪንም በ1961 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

እንግዲህ ዘዴው ይህን ያህል ኃይል ካለው፣ በእርሱ ፍርድ ለመስጠት የሚቻለው እስከ ምን ድረስ ነው? የዚህ ንግግር ዋና ጕዳይ ይህ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ማንነት ይነገር። አንድ ያልታወቀ ነገር 0.73 የጉዞ ንጽጽር አሳየ እንበል። በመጽሐፍ ያለው ሰንጠረዥ ደግሞ በቡታኖል፣ በአሴቲክ አሲድና በውሃ ድብልቅ ውስጥ ሉሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ 0.73 ገደማ እንደሚጓዝ ይናገራል። ተማሪው ወዲያው «ይህ ሉሲን ነው» ብሎ ይጽፋል። ይሁን እንጂ አይሶሉሲን የሚባለው የሉሲን የቅርብ ዘመድ በዚያው አሟሚ 0.72 ገደማ ይጓዛል። በተማሪ ማስመሪያ ይህን ልዩነት የሚለይ የለም። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ «ይህ ነገር በዚህ አሟሚ እንደ ሉሲን ተጉዟል» የሚለው ነው። ከዚህ በላይ ለማለት፣ አንደኛ፣ የታወቀው ሉሲን በዚያው ወረቀት ላይ ከጎኑ አብሮ መጓዝ አለበት፤ ሁለተኛ፣ የታወቀውና ያልታወቀው በአንድ ነጥብ ላይ ተደራርበው ሲጓዙ ሳይለያዩ መቅረታቸው መታየት አለበት፤ ሦስተኛ፣ ሥራው ጠባዩ በተለየ በሌላ አሟሚ መደገም አለበት። በአንድ መንገድ እኩል የተራመዱ ሁለት ሰዎች በሌላ መንገድ ሊለያዩ ይችላሉና። ከሁሉ የሚጠነክረው ማስረጃ ግን የተቃውሞው ነው፤ ጎን ለጎን ተጉዘው በተለያየ ስፍራ የቆሙ ሁለት ነገሮች አንድ አለመሆናቸው ያለ ጥርጥር ይታወቃል። ወረቀቱ «አይደለም» ሲል ከሚናገረው እርግጠኛነት፣ «ነው» ሲል የሚናገረው ያንሳል።

ቀጥሎ ስለ ንጽሕና ይነገር። በወረቀቱ ላይ ከአንድ በላይ ነጥብ ከታየ የተመረመረው ነገር ድብልቅ ነው ለማለት ይቻላል። አንድ ነጥብ ብቻ ሲታይ ግን «ንጹሕ ነው» ለማለት ብዙ ይቀራል። ሁለት ነገሮች እኩል ተጉዘው ተደራርበው ይሆናል። የተጨመረው ባዕድ ነገር ቀለም የሌለው ሆኖ ሳይታይ ቀርቶ ይሆናል። መጠኑ እጅግ አንሶ ይሆናል፤ ስለዚህ ንጽሕናን የሚመረምር ሰው አንዱን ነጥብ ቀጭን፣ ሌላውን ነጥብ ወፍራም አድርጎ ጎን ለጎን ማስኬድ ይገባዋል፤ በቀጭኑ የተሰወረው በወፍራሙ ሊገለጥ ይችላልና። ወይም ደግሞ ነገሩ ከመነሻው ጨርሶ አልተላቀቀ ይሆናል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በሁለት ምሳሌ ይብራራል። ተራው የእስክርቢቶ ቀለም በውሃ ቢሞከር ከመነሻው አይነሣም፤ አንድ ነገር ብቻ ይመስላል። አሟሚው በአልኮል ቢለወጥ ግን ይጓዛል፤ ብዙ ጊዜም ይከፋፈላል። በመጀመሪያው ወረቀት ብቻ የፈረደ ሰው ተሳስቷል። ሁለተኛው ምሳሌ የአባቶች ጥቁር ቀለም ነው። ጸሐፍት ብራና ለመጻፍ የሚያዘጋጁት ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት፣ ማለትም ካርቦን ነው። ካርቦን በውሃም ሆነ በአልኮል ስለማይሟሟ ከአሟሚው ጋር አይጓዝም። የማርከሩ ጥቁር የብዙ ቀለሞች ድምር ሲሆን፣ የጸሐፍቱ ጥቁር ግን በባሕርዩ ጥቁር ነው። ሆኖም ይህን ያወቀው ወረቀቱ አይደለም፤ የቀለሙን አሠራር የሚያውቀው ሰው ነው። አልጓዝ ላለ ነገር ወረቀቱ ምስክርነት አልሰጠም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለመጽሐፍ ብቻ የሚጠቅም መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ወደ ገበያ ይመልከት። በ2003 የአውሮፓ ኅብረት ወደ ግዛቱ የሚገባው የበርበሬ ዱቄት ሱዳን አንድ ከሚባለው የፋብሪካ ማቅለሚያ ነጻ መሆኑ እንዲረጋገጥ አዘዘ፤ በ2005 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ይህ ማቅለሚያ ስለ ተገኘባቸው በመቶ የሚቈጠሩ የምግብ ዓይነቶች ከመደብር ተሰበሰቡ። በርበሬ ለምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ የየዕለት ምግብ ስለ ሆነ፣ ተማሮች ከቤታቸው በርበሬ አምጥተው በወረቀት ለመመርመር ቢጓጉ አያስደንቅም። መምህሩ ግን አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል። ሱዳን አንድ በውሃ አይሟሟም፤ ስለዚህ በውሃ የተሠራ ወረቀት ስለ እርሱ አንዳች አይናገርም። የሸክላ ዱቄት ወይም ቀይ አፈር ተቀላቅሎ ቢሆን ደግሞ በየትኛውም አሟሚ ስለማይጓዝ ከመነሻው ላይ ይቀራል። ወረቀቱ ምንም ስላላሳየ «ይህ በርበሬ ንጹሕ ነው» ብሎ ለልጆች የሚነግር መምህር፣ ሳያውቅ ለመርዝ ምስክር ሊሆን ይችላል። በአንጻሩም አንድ ያልተለመደ ነጥብ ስላየ ብቻ «የእገሊት በርበሬ የተበረዘ ነው» የሚል ወሬ በመንደር ቢያስነሣ፣ በገበያ ተቀምጣ ልጆቿን የምታሳድገውን ሴት እንጀራ ይዘጋል። በርበሬ በተፈጥሮው ብዙ ቀለሞች ያሉበት ነውና፤ ብዙ ነጥብ ማሳየቱ በደል አይሆንበትም። ሁለቱም ስሕተቶች ከአንድ ምንጭ ይፈልቃሉ፤ እርሱም ማስረጃው ካቆመበት አልፎ መፍረድ ነው።

በዛሬው ዘመን ታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ወረቀቱን በሌላ ተክተውታል። በመስታወት ወይም በአልሙኒየም ላይ በተለበጠ ስስ ዱቄት የሚሠራው ክሮማቶግራፊ ይበልጥ ፈጣንና ጥርት ያለ ነው፤ በጋዝና በከፍተኛ ግፊት ፈሳሽ የሚሠሩት መሣሪያዎች ደግሞ እጅግ ጥቂት የሆነውን ነገር እንኳ ለይተው ይለካሉ። መሠረቱ ግን አልተለወጠም፤ አንዱ ይቀድማል፤ አንዱ ይዘገያል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሐሰት መድኃኒት ለመለየት የሚያገለግለው ሚኒላብ የተባለው ተንቀሳቃሽ ቤተ ሙከራ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች ዋናው ይኸው የስስ ልባጥ ክሮማቶግራፊ ነው። የተጠረጠረው ክኒን ከታወቀው መድኃኒት ጎን ይጓዛል፤ የነጥቡ ስፍራ ስለ ማንነቱ፣ የነጥቡ ስፋትና ድምቀት ደግሞ ስለ መጠኑ ግምት ይሰጣል። ጥርጣሬ የተገኘበት ክኒን ግን ለመጨረሻ ፍርድ ወደ ዋናው ቤተ ሙከራ ይላካል። የሙያው ሰዎች የመጀመሪያውን ምርመራ እንደ መጨረሻ ፍርድ አይቈጥሩትም። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ከዚህ ልማድ ሊያንስ አይገባም።

ስለዚህ መምህሩ ይህን ሥራ በክፍል ሲያሠራ ከሁሉ አብልጦ ሊጠብቀው የሚገባው የተማሪው ደብተር ነው። መጽሐፉ አራት ነጥብ ይታያል ይላል፤ ተማሪው ግን ሁለት ብቻ አይቷል። በዚህ ጊዜ ተማሪው ወደ ጓደኛው ደብተር ያያል፤ ቀስ ብሎም አራት ብሎ ይጽፋል። መምህሩም አራት የጻፈውን አርሞ ሙሉ ማርክ ከሰጠ፣ በዚያ ቀን በክፍሉ ውስጥ የተማሩት ነገር ክሮማቶግራፊ ሳይሆን ሐሰት መጻፍ ነው። ሁለት ያየው ሁለት ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ለምን ሁለት ብቻ እንደ ታየው ይጠየቅ። ነጥቡ እጅግ ሰፍቶ ነበርን? ብርጭቆው ሳይከደን ቀርቶ ነበርን? ጭማቂው ቀጥኖ ነበርን? ወረቀቱ የብርጭቆውን ግድግዳ ነክቶ ነበርን? እነዚህን ጥያቄዎች አንሥቶ ሥራውን የደገመ ተማሪ፣ መጽሐፉ ያዘዘውን አራት ነጥብ ሳያገኝ ቢቀር እንኳ ከገለበጠው ይበልጣል። «ያየሁት ይህ ነው፤ ከዚህም በላይ ለማለት አልችልም» የሚል ዓረፍተ ነገር በደብተር ላይ ሲገኝ፣ መምህሩ እንደ ድክመት ሳይሆን እንደ ዕውቀት ቈጥሮ ማርክ ሊሰጥበት ይገባል።

ለትምህርት ቤት ኃላፊዎችም የሚቀርበው ጥያቄ ከባድ አይደለም። ጥቂት ማጥሪያ ወረቀት፣ አንድ ጠርሙስ አልኮል፣ ክዳን ያላቸው ባዶ ብርጭቆዎች፣ እርሳስና ማስመሪያ ይበቃሉ። ከእነዚህ የሚበልጠው ዕቃ ጊዜ ነው። ወረቀቱ በደወል አይሄድም፤ ተማሪውም ሥራውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሊደግመው ይገባል። በመርሐ ግብሩ ውስጥ ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ሥራ ቢፈቀድ፣ ለአንድ ሳምንት ከሚገለበጥ ማስታወሻ የሚበልጥ ትምህርት ይገኝበታል። የመምህራን ማሠልጠኛዎችም ዕጩ መምህራኑ ይህን ሥራ በገዛ እጃቸው ሳይሠሩ፣ ሥራቸው ሲበላሽ አይተው ምክንያቱን ሳይፈልጉ እንዳይመረቁ ቢያደርጉ፣ ፍሬው በየወረዳው ይታያል።

ክቡራትና ክቡራን መምህራን፤ ሕዝብ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የሚልከው ቀለም እንዲቈጥሩ ነው። ቀለም የቈጠረ ሰው ነገ ዳኛ ይሆናል፤ ሐኪም ይሆናል፤ የመድኃኒት ቤት ኃላፊ ወይም የወረዳ ሹም ይሆናል። በየሥራውም ሰዎችንና ነገሮችን «ይህ እንዲህ ነው» እያለ ይፈርዳል። በልጅነቱ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጥቁሩ ጥቁር ብቻ እንዳልሆነ አይቶ፣ አንድ ነጥብ ብቻውን የንጽሕና ምስክር እንደማይሆን ተምሮ ከሆነ፣ ለመፍረድ አይቸኩልም፤ ማስረጃ በተገኘም ጊዜ ለመናገር አይፈራም። ይህን የመሰለ ሰው ለማፍራት ትምህርት ቤት ውድ መሣሪያ እስኪመጣለት መጠበቅ አያስፈልገውም።